ለረጅም ጉዞ የሚሆን የሞተር ሳይክል ጎማ፤ ዋጋው የሚለካው በብር ነው ወይስ በኪሎ ሜትር?

የሞተር ሳይክል ጎማ በመደብር መደርደሪያ ላይ ሲታይ ሁሉም አንድ ይመስላል። ጥቁር ነው፤ ክብ ነው፤ ያብረቀርቃል። ገዢው የሚጠይቀው ዋጋውን ነው፤ ሻጩም የሚመልሰው ጎማው የተሠራበትን አገር ስም ነው። ደላላውም «ይኼ የጃፓን ነው፤ ያኛው ግን ርካሽ ነው» ብሎ ጨዋታውን ይዘጋዋል። በዚህ መካከል ሳይነሳ የሚቀረው ዋናው ጥያቄ ነው፤ ጎማው ጭነት ተሸክሞ፣ ሙቀትና ኮረኮንች ችሎ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። መኪና አንድ ጎማ ቢፈነዳበት በሦስቱ ተደግፎ ዳር ይይዛል። ሞተር ሳይክል ግን ያለው ሁለት ብቻ ነው። እያንዳንዱ ጎማ አስፋልቱን የሚነካው ከእጅ መዳፍ በማይበልጥ ስፋት ሲሆን፣ የነጂውም፣ የኋላ ተሳፋሪውም፣ የሻንጣውም ሕይወት የተንጠለጠለው በዚያች መዳፍ ላይ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ የኋላ ጎማው በድንገት የተነፈሰበት ሰው ስለ ዋጋ ቅናሽ ለማሰብ ጊዜ አይኖረውም።

የገንዘቡም ጉዳይ ቀላል አይደለም። በአገራችን ገበያ ያለው የሞተር ሳይክል ጎማ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ዕቃ ነው። የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ከ57 ብር ጥቂት ከፍ ብሎ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መሆኑ ይታወሳል። ስለዚህ ሳያስቡ የገዙት ጎማ ዛሬ የሚያስከትለው ኪሳራ ከቀድሞው የከፋ ነው። ይህ ጽሑፍ ጎማ የሚገዛውም ሆነ ጎማ የሚያስመጣው ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊያያቸው የሚገቡትን ነጥቦች በተራ ይመለከታል።

በጎማው ላይ የማይጻፈው ቁጥር

በአሜሪካ ገበያ የሚሸጥ የቤት መኪና ጎማ በጎኑ ላይ የጥርሱን የመልበስ ደረጃ የሚያሳይ ቁጥር ይታተምበታል። በአውሮፓም የመኪና ጎማ ለገዢ መረጃ የሚሆን ደረጃ የሰፈረበት ወረቀት ተለጥፎበት ይሸጣል። ሁለቱም አሠራሮች ግን የሞተር ሳይክልን ጎማ አይመለከቱም። በመሆኑም አንድ ገዢ የሞተር ሳይክል ጎማ አገላብጦ ቢያይ «ይህን ያህል ያገለግላል» የሚል ቁጥር አያገኝም። ሻጭ በአፉ የሚናገረው ቁጥር ቢኖር የራሱ ግምት ነው።

የረጅም ጉዞ ሞተረኞች ተሞክሮ ግን አንድ መስመር ያሳያል። ለአስፋልት ጉዞ ተብሎ የተሠራ የኋላ ጎማ ብዙውን ጊዜ ከ8,000 እስከ 15,000 ኪሎ ሜትር ያገለግላል። ጥርሱ ጎላ ጎላ ብሎ ለጭቃና ለአሸዋ የተሠራው ዓይነት በአስፋልት ላይ ሲነዳ ብዙ ጊዜ ከ5,000 እስከ 8,000 ባለው ውስጥ ያልቃል። ለከባድ የጉዞ ሞተር ሳይክሎች በጠንካራ ላስቲክ የሚሠሩት ደግሞ ከ15,000 ሊያልፉ ይችላሉ። የኋላው ጎማ የሞተሩን ጉልበትና አብዛኛውን ጭነት ስለሚሸከም ከፊተኛው ቀድሞ ያልቃል፤ አንድ የፊት ጎማ ሁለት የኋላ ጎማዎችን ሲያሳልፍ ማየት የተለመደ ነው።

ልዩነቱ ይህን ያህል የሚሰፋው ያው ጎማ በተለያየ እጅ የተለያየ ዕድሜ ስለሚኖረው ነው። ፍጥነት፣ ጭነት፣ ሙቀት፣ የአየር ማነስና ሻካራ አስፋልት አንድ ላይ ሲመጡ የጎማውን ዕድሜ በግማሽ ሊቀንሱት ይችላሉ።

ስሌቱ

ነጋዴ ዕቃን የሚመዝነው በሚያስገኘው ነው። ጎማም በዚሁ ሚዛን ቢመዘን ነገሩ ይጠራል። ለስሌት እንዲመች ብቻ ሁለት ጎማዎች እንውሰድ። ጎማ «ሀ» 12,000 ብር ተገዝቶ 8,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ጎማ «ለ» ደግሞ 16,800 ብር ተገዝቶ 14,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ገበያ ላይ ሲታይ «ለ» በ4,800 ብር የተወደደ ነው። በኪሎ ሜትር ሲታሰብ ግን «ሀ» 1 ብር ከ50 ሳንቲም፣ «ለ» 1 ብር ከ20 ሳንቲም ይሆናል።

አንድ ሰው 28,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ቢሆን ከ«ለ» ሁለት ጎማ ይበቃዋል፤ የሚያወጣውም 33,600 ብር ነው። ከ«ሀ» ግን ሦስት ተኩል ጎማ ያስፈልገዋል። ግማሽ ጎማ የሚሸጥ ስለሌለ አራት ይገዛል፤ 48,000 ብር ያወጣል። በዚህ ላይ ለጎሚስታ የሚከፈለው፣ ጎማ ሲቀየር የሚባክነው ቀን፣ ከከተማ ውጭ ከሆነም ጎማውን በአውቶቡስ ጭኖ ማስላክ አለ። ርካሹ ጎማ ውድ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ ስሌቱ ወሰን አለው። ዕድሜው የሚረዝም ጎማ ላስቲኩ ጠንከር ያለ ነው። ጠንካራ ላስቲክ ደግሞ በዝናብና በብርድ አስፋልቱን የመያዝ አቅሙ ያንሳል። ስለዚህ «የማያልቅ ጎማ» ፍለጋ እስከ መጨረሻው ከተሄደ በክረምት ዝናብ፣ በተራራ ኩርባ ላይ መንሸራተትን መግዛት ይሆናል። ጥሩ የጉዞ ጎማ የሚባለው ዕድሜንም መያዝንም ያመዛዘነ ነው።

በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ማንበብ

የዕድሜው ቁጥር ባይጻፍም ሌሎች ብዙ ቁጥሮች ተጽፈዋል። ለምሳሌ በውሃ የሚቀዘቅዘው የቢ ኤም ደብሊው አር 1200 ጂ ኤስ ሞተር ሳይክል የኋላ ጎማ «170/60 አር 17 72 ቪ» የሚል መለያ አለው። 170 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 60 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 60 በመቶ መሆኑን ያሳያል፤ ይህም 102 ሚሊ ሜትር ይሆናል። «አር» ጎማው ራዲያል መሆኑን፣ 17 ደግሞ የቸርኬውን ልክ በኢንች ይናገራሉ።

ብዙ ገዢ የሚዘለው ቀጥሎ ያለውን ነው። 72 የጭነት መለያ ሲሆን ጎማው በተገቢው አየር ተሞልቶ እስከ 355 ኪሎ ግራም መሸከም ይችላል ማለት ነው። መለያው 69 ቢሆን 325 ኪሎ ግራም፣ 60 ቢሆን 250 ኪሎ ግራም ይሆናል። በአገራችን በብዛት በሚታዩት ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ላይ የሚገጠመው «3.00-18 47 ፒ» የሚባለው ጎማ አቅሙ 175 ኪሎ ግራም ነው። ልኩ ገጥሞ የጭነት መለያው ዝቅ ያለ ጎማ የገዛ ሰው ከኋላ ሰው ጭኖ፣ ሁለት ሻንጣ አንጠልጥሎ፣ በርሜል ቤንዚን አስሮ ሲነሳ ጎማውን ከአቅሙ በላይ እያሠራው ነው።

የመጨረሻዋ ፊደል የፍጥነት መለያ ናት። ፒ 150፣ ኤስ 180፣ ኤች 210፣ ቪ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት ነው። «እኔ ከ100 በላይ አልነዳም፤ ለ240 ለምን እከፍላለሁ?» የሚል ገዢ አይጠፋም። መለያው ግን የሚናገረው ስለ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ጎማው ሙቀትን የመቋቋም አቅሙንም ጭምር ነው። ፋብሪካው ለሞተር ሳይክሉ ካዘዘው ደረጃ በታች መግጠም አይገባም። በአንጻሩ ከታዘዘው እጅግ ከፍ ያለ፣ ለእሽቅድምድም የተሠራ ለስላሳ ጎማ መግጠም ለረጅም ጉዞ የሚሰጠው ጥቅም የለም፤ ቶሎ ያልቃል።

ከዚህ ሌላ በክብ ውስጥ የ«ኢ» ፊደልና ቁጥር ያለበት ምልክት ይፈለጋል። ይህ ጎማው በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ተፈትሾ መፈቀዱን ያሳያል። ቁጥሩ 1 ከሆነ ፈቃዱን የሰጠችው ጀርመን፣ 4 ከሆነ ኔዘርላንድ፣ 11 ከሆነ ብሪታንያ ነች። ቁጥሩ የሚናገረው ፈቃድ የሰጠችውን አገር እንጂ ጎማው የተሠራበትን አገር አይደለም። «ኢ 4 ስለሆነ የሆላንድ ጎማ ነው» የሚል ሻጭ ተሳስቷል፤ ወይም እያሳሳተ ነው።

ራዲያል ወይስ ባያስ?

የጎማው የውስጥ ክሮች በሰያፍ ተደራርበው የተሠሩበት ባያስ ይባላል። ክሮቹ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ቀጥ ብለው ተዘርግተው፣ ከላይ መታጠቂያ የተደረገላቸው ደግሞ ራዲያል ነው። በሞተር ሳይክል ራዲያሉ በገበያ የተስፋፋው ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው።

ራዲያል ጎማ በፍጥነት ሲሽከረከር እምብዛም አይሞቅም። ሙቀት ደግሞ የጎማ ዋና ጠላት ነው። ስለዚህ ለከባድና ለፈጣን የጉዞ ሞተር ሳይክል ራዲያሉ ይመረጣል። ባያሱ ጎኑ ወፍራምና ጠጣር ስለሆነ በዝግታ ከባድ ጭነት ለሚሸከም፣ በድንጋያማ መንገድ ለሚሄድ ትንሽ ሞተር ሳይክል እስከ ዛሬም ጥሩ አገልጋይ ነው፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ፋብሪካው ሳይፈቅድ ከፊት አንዱን፣ ከኋላ ሌላውን ማደባለቅ ግን የአነዳዱን ጠባይ ያበላሻል።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው ባለ ሁለት ቅንብር ጎማ ነው። ረጅም ጉዞ አብዛኛው ቀጥ ያለ መንገድ በመሆኑ የሚያልቀው የጎማው መሃል ነው። መሃሉ ሲበላ ክቡ ጎማ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ሞተር ሳይክሉም ወደ ኩርባ ሲገባ ለመጋደም ያንገራግራል። ለዚህ መፍትሔ ሆኖ የመጣው መሃሉን በጠንካራ፣ ዳርና ዳሩን በለስላሳ ላስቲክ መሥራት ነው። ቀጥታ መንገድ ላይ ጠንካራው መሃል ይሠራል፤ በኩርባ ላይ ለስላሳው ዳር መንገዱን ይይዛል። ዛሬ ታዋቂዎቹ አምራቾች በሙሉ ለጉዞ የሚያቀርቧቸው ጎማዎች በአብዛኛው በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው። ብዙ ቀጥታ መንገድ የሚነዳ ሰው ተጨማሪውን ገንዘብ ለዚህ ቢከፍል አያጣም።

መንገዱ ጎማውን ይመርጣል

ሻጮች «80/20» ወይም «50/50» ሲሉ ይሰማል። የመጀመሪያው ጎማው 80 በመቶ ለአስፋልት፣ 20 በመቶ ለፒስታ መንገድ ታስቦ መሠራቱን ሲያመለክት፣ ሁለተኛው እኩል በእኩል ነው። ገዢ የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን ለሚያገኘው ጭቃ ብሎ ጥርሱ የጎላ ጎማ ይገዛና ሃያ ቀን አስፋልት ላይ ሲፈጭ ይከርማል።

ከካይሮ ወደ ኬፕ ታውን የሚደረገው የሞተር ሳይክል ጉዞ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ተዋናዮቹ ኢዋን ማክግሬገርና ቻርሊ ቡርማን እ.ኤ.አ. በ2007 ከስኮትላንድ ተነስተው ኬፕ ታውን ሲደርሱ ያለፉት በሱዳንና በኢትዮጵያ አድርገው በሞያሌ ወደ ኬንያ ነበር። በዚያን ጊዜ ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ሹል ድንጋይ የሞላበት፣ ጎማ በመቁረጥና አሞርዛተር በመስበር ዝናው የወጣ መስመር ነበር። የዚያን ዘመን መንገደኛ 50/50 ጎማ ከመግጠሙም በላይ ሌላ ጎማ በጀርባው አስሮ ይጓዝ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ያ መንገድ ግን እ.ኤ.አ. ከ2017 ገደማ ወዲህ አስፋልት ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ የሚሄድ ሞተረኛ በአስፋልት ይደርሳል። በአሮጌ የጉዞ መጽሐፍ ተመርቶ ጥርሰ ትልቅ ጎማ የሚገዛ ሰው የሌለ መንገድ ጎማ ገዛ ማለት ነው፤ በአስፋልቱም ላይ ሲጨርሰው ሌላ ለመፈለግ ይገደዳል። በሌላ በኩል ሱዳን ውስጥ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተነሳው ጦርነት የመተማውን በር ስላወከው፣ የጉዞው ዕቅድም የጎማው ዕቅድም አብሮ ተለውጧል። ስለዚህ ጎማ ከመምረጥ በፊት የመንገዱን የዛሬ ሁኔታ መጠየቅ ይቅደም።

ይህ ለውጭ አገር ጎብኚዎች ብቻ የሚሆን ምክር አይደለም። በ125 ወይም በ150 ሲ ሲ ሞተር ሳይክል ከወረዳ ወረዳ የሚዞር የሽያጭ ሠራተኛ ወይም የእርሻ ባለሙያ በዓመት የሚሸፍነው ርቀት ከአንድ ጎብኚ ላያንስ ይችላል። የሥራው ሦስት አራተኛ ኮረኮንች ከሆነ ግን ለእሱ የሚሆነው ጥርሱ ጎላ ያለ፣ ጎኑ ጠንካራ ባያስ ጎማ ነው።

ከመነዳሪ ያለውና የሌለው

በጎማው ጎን «ቲ ኤል» ከተባለ ያለ ከመነዳሪ ይሠራል፤ «ቲ ቲ» ከተባለ ከመነዳሪ ይፈልጋል። ለውሳኔው ዋናው ቸርኬው ነው። አብዛኞቹ ባለ ራጂ ቸርኬዎች ራጂው በገባበት ቀዳዳ አየር ስለሚያስወጡ ከመነዳሪ ይፈልጋሉ። ድፍኑ የአሉሚኒየም ቸርኬ ግን ያለ ከመነዳሪ ይሠራል።

ያለ ከመነዳሪ የሚሠራው ለረጅም ጉዞ ሁለት ብልጫ አለው። አንደኛ፣ ምስማር ወይም የግራር እሾህ ሲወጋው አየሩ ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ነጂው ዳር ለመያዝ ጊዜ ያገኛል። ከመነዳሪ ግን ሲቀደድ ባንድ ጊዜ ሊተነፍስ ይችላል። ሁለተኛ፣ ጎማው ሳይወልቅ ከውጭ በመድፈኛ ገመድ ጠግኖ ወደሚቀጥለው ከተማ መድረስ ይቻላል። ይህ ጥገና ግን መሸጋገሪያ ነው፤ ፍጥነት ቀንሶ መሄድና ጎሚስታ ዘንድ ሲደረስ ጎማውን ፈትቶ ከውስጥ ማስጠገን ያስፈልጋል። በጥርሱ በኩል ያለ ከ6 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ቀዳዳ ከውስጥ ቢጠገን ያገለግላል። ጎኑ የተወጋ ወይም የተቀደደ ጎማ ግን አይጠገንም፤ ይጣላል።

በሌላ በኩል ባለ ከመነዳሪው ገጠር ውስጥ በማንኛውም ጎሚስታ እጅ ተለጥፎ የሚነሳ መሆኑ ጥቅሙ ነው። ጎማ ሲቀየር ከመነዳሪውንም አብሮ መቀየር ተገቢ ነው። የተለጠጠ አሮጌ ከመነዳሪ በአዲስ ጎማ ውስጥ ሲገባ ይጨማደዳል፤ በተጨማደደበትም ይቀደዳል። አዲስ ጎማን የሚያህል ገንዘብ አውጥቶ ከመነዳሪ ላይ መቆጠብ ከማር ቤት ወጥቶ ሰም እንደ መቆጠብ ነው።

አየር፣ ደጋና ቆላ

ጎማን በአጭር ጊዜ የሚገድለው የአየር ማነስ ነው። አየር ያነሰው ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይዘረጋል፤ ይህም ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱም ክሩን ከላስቲኩ ያላቅቀዋል። ጭነት ለያዘ ሞተር ሳይክል ፋብሪካው የሚያዘው አየር ለአንድ ሰው ከሚያዘው ከፍ ሊል ይችላል። ከላይ የተጠቀሰው ቢ ኤም ደብሊው የሚጠይቀው ከፊት 2.5 ባር፣ ከኋላ 2.9 ባር ሲሆን፣ ይህም በጎሚስታ መለኪያ 36 እና 42 ፒ ኤስ አይ ነው።

በአገራችን መልክዓ ምድር አንድ ልዩ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ነች። በዚህ ከፍታ የከባቢው አየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። መለኪያው የሚያነበው በጎማው ውስጥና በውጭ ባለው ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ 36 የተሞላ ጎማ ጅቡቲ ሲደርስ፣ ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ፣ መለኪያው 32 ገደማ ያነብ ነበር። ነገር ግን ጅቡቲ ሞቃት ናት። ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር የጎማው ግፊት በ3 ገደማ ከፍ ይላል። አንዱ ሲቀንስ ሌላው ስለሚጨምር ሁለቱ ይቀራረባሉ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አየር የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይነዳ፣ ባደሩበት ቦታ ነው። አዋሽ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ጎማውን ነክቶ «ሞቋል፤ አየር በዝቶበታል» ብሎ ማስተንፈስ ትልቅ ስሕተት ነው። የተነዳ ጎማ ግፊቱ ከፍ ማለቱ ጤናው ነው። ያን ጊዜ የተነፈሰው አየር ማታ ሲበርድ ይጎድላል፤ በማግሥቱም ጎማው አየር አንሶት ይነሳል።

የጎማ ልደት

ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። ላስቲኩ በአየር፣ በፀሐይና በሙቀት እየደረቀ ይሰነጣጠቃል። የልደቱን ቀን የሚናገረው «ዲ ኦ ቲ» ከሚለው ምልክት ተከትሎ የሚመጣው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ያለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ነው። 2319 ቢል እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ቁጥሩ ሦስት አኃዝ ብቻ ከሆነ ጎማው ከ2000 (እ.ኤ.አ.) በፊት የተሠራ ስለሆነ መወያየት አያስፈልግም።

በጀርመን የጎማ ንግድ ልማድ በአግባቡ የተቀመጠ ጎማ እስከ 3 ዓመት ድረስ ከፋብሪካ እንደ ወጣ፣ እስከ 5 ዓመት ድረስ ደግሞ እንደ አዲስ ይቆጠራል። ታላላቅ አምራቾች ጎማው 5 ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተሠራ 10 ዓመት ከሞላው ደግሞ ጥርሱ ባያልቅም እንዲቀየር ይመክራሉ።

ለአስመጪው ይህ የገንዘብ ጉዳይ ነው። በዱባይ መጋዘን አንድ ሁለት በጋ ያሳለፈ፣ በኮንቴይነር ጅቡቲ ላይ የቆየ፣ ከዚያም መርካቶ ውስጥ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተከመረ ጎማ ገዢው ዘንድ ሲደርስ ግማሽ ዕድሜውን ጨርሶ ሊሆን ይችላል። ርካሽ ዋጋ የተጠራበት ዕቃ አንዳንዴ ሌላ አገር ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ነው።

መከላከያው ከማዘዝ በፊት ነው። የምርቱ ሳምንትና ዓመት በፕሮፎርማው ላይ እንዲጠቀስ መጠየቅ ይገባል። በሌተር ኦፍ ክሬዲት የሚገዛ ከሆነም ማስታወስ የሚገባው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሚሠራበት ዩ ሲ ፒ 600 በተባለው የዓለም አቀፍ ንግድ ምክር ቤት ደንብ መሠረት ባንክ የሚመረምረው ሰነድን እንጂ ዕቃን አይደለም። «ጎማው ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ እንዳይሆን» ብሎ ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ ሰነድ ያልተጠየቀበት ሁኔታ እንዳልተጻፈ ይቆጠራልና። ይልቁንም የምርቱን ቀን የሚያረጋግጥ የምርመራ የምስክር ወረቀት ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ እንዲሆን ማድረግ ነው። ያ ሰነድ ካልቀረበ ክፍያ ላለመቀበል ምክንያት ይኖራል።

ዕቃው ከገባ በኋላም አቀማመጡ ዋጋ አለው። ጎማ ቀዝቀዝ ባለ፣ ፀሐይ በማይገባበት፣ ደረቅ ቦታ ቆሞ ይቀመጣል። በላዩ ላይ ተከምሮ ቅርጹ አይጨፍለቅ፤ በምስማርም አይንጠልጠል። ከቤንዚንና ከዘይት ይራቅ። የኤሌክትሪክ ሞተርና የብየዳ ማሽን የሚያወጡት ኦዞን የተባለ ጋዝ ላስቲክን ስለሚሰነጥቅ ጋራዥ ውስጥ ማከማቸት አይመከርም። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይሸጥ። የኋላ ጎማ ከፊቱ በእጥፍ ገደማ ስለሚፈለግ ትእዛዙም በዚያው መጠን ይሁን፤ እኩል እኩል ያስመጣ ነጋዴ የፊት ጎማዎቹን እያስረጀ ይቀመጣል።

ስምና አገር

የጎማ ስም የሚጠቅመው አምራቹ በስሙ ስለሚጠየቅበት ነው። ሆኖም ስምና አገር አንድ ናቸው ብሎ መውሰድ ያሳስታል። የጀርመኑ ሜትዜለር እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የጣሊያኑ ፒሬሊ ንብረት ነው። በፒሬሊ ውስጥ ደግሞ ከ2015 ወዲህ ከፍተኛውን ድርሻ የያዘው የቻይና መንግሥት ኩባንያ ነው። ሚታስ በስዊድኑ ትሬለቦርግ እጅ ከቆየ በኋላ በ2023 ለጃፓኑ ዮኮሃማ ተሸጧል። በአሜሪካ ቡፋሎ ከተማ አጠገብ የደንሎፕ ስም ያለባቸውን ጎማዎች ያመርት የነበረው የሱሚቶሞ ፋብሪካም በ2024 ተዘግቷል። ስለዚህ «የየት አገር ነው?» ከማለት «የት ፋብሪካ፣ መቼ ተሠራ?» ማለት ይሻላል።

ገዢ ከሚታለልባቸው መንገዶች ሦስቱ ይጠቀሱ። አንደኛው ያረጀውን ጎማ በቅባት ወልውሎ ማብረቅረቅ ነው። ቅባቱ አሮጌውን አዲስ ከማስመሰሉ በላይ ጥርሱ ላይ ከቀረ ያንሸራትታል። ጎማውን በእጅ አጥፎ በጥርሶቹ ሥር ስንጥቅ መኖሩን ማየት ያጋልጠዋል። ሁለተኛው ያለቀውን ጥርስ በጋለ ስለት መልሶ መቅደድ ነው፤ ይህ ጎማ ከክሩ በላይ የቀረው ላስቲክ ወረቀት ያህል ነው። ሦስተኛው የመኪና ጎማ ነው። ከባድ የጉዞ ሞተር ሳይክል ያላቸው አንዳንድ ሰዎች ረጅም ዕድሜ ፍለጋ ከኋላ የመኪና ጎማ ይገጥማሉ። አምራቾች ግን ይቃወሙታል፤ የመኪና ጎማ የተሠራው ቀጥ ብሎ ለመሽከርከር እንጂ ለመጋደም አይደለም፤ ከቸርኬው ጋር የሚገጥምበት ከንፈሩም ለሞተር ሳይክል ቸርኬ አልተሠራም።

ጎማው መቼ ይቀየራል?

ጎድጎዱ ውስጥ ከፍ ብላ የምትታይ ትንሽ የላስቲክ ጉብታ አለች። ጥርሱ ከእሷ ጋር ሲተካከል ጎማው አብቅቷል። በአሜሪካ ይህ መለኪያ 0.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን በብሪታንያ ሕጉ ለትልልቅ ሞተር ሳይክሎች 1 ሚሊ ሜትር፣ በጀርመን ደግሞ 1.6 ሚሊ ሜትር ይጠይቃል። ሊሾ ሊሆን የተቃረበ ጎማ በደረቅ አስፋልት ይሄዳል፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ውሃውን የሚያስወጣበት ጎድጎድ ስለሌለው በውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ለረጅም ጉዞ የሚነሳ ሰው ጥርሱ ከግማሽ በታች የሆነ ጎማ ይዞ ባይነሳ ይመረጣል፤ ጎማው የሚያልቀው ሱቅ በሌለበት ነውና።

አዲስ የተገጠመ ጎማም ወዲያው አይታመንም። ላዩ ለስላሳ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለ ኃይለኛ ፍሬንና ያለ ጥልቅ ኩርባ መንዳት ያሻል። ስለዚህ ጎማ በጉዞው ዋዜማ ማታ አይገጠምም፤ ሳምንት ሲቀረው ነው።

በጠቅላላው ገዢ ወደ ሱቅ ሲገባ አምስት ጥያቄ ይዞ ይግባ፤ ልኩ ከፋብሪካው ትእዛዝ ጋር ይገጥማል ወይ? የጭነትና የፍጥነት መለያው አይወርድም ወይ? የተሠራው በየትኛው ሳምንት ነው? ለምሄድበት መንገድ የተሠራ ነው ወይ? በኪሎ ሜትር ስንት ያስወጣኛል? አምስቱንም የመለሰ ሻጭ ከተገኘ ዋጋው ላይ ጥቂት ብር ቢጨምር ቅር አይበል። የመለያ ቁጥሩን ለማሳየት ጎማውን ለማዞር እንኳ የሚከብደው ሻጭ ካጋጠመ ግን ቀጣዩ ሱቅ ቅርብ ነው።